ኤርካሎ የደበቀው ውድቀት

በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ሳር ቤት በመክደን የኤርካሎን ያህል ስሙ የተጠራ ሰው አልነበረም። ጣሪያ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሰው ይሰድባል፤ ከታች ሳር የሚያቀብሉትም እየሳቁ ይታዘዙታል። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልወደቀም። በእሱ መንደር ደግሞ ሳር ከዳኙ የወደቀበት ቤት ገፊ ነው ይባል ነበር። ሙሽራ ከገባችበት ልጅ አይበረክትላትም ብለው ሽማግሌዎቹ ያስፈርሱታል።

ልጁ አስካለች ማዶ ካለው መንደር ለጸሎት ቤት አገልጋዩ ለዳልጮ ታጨች። ጎጆውን የሠሩት የዳልጮ ወገኖች ቢሆኑም፣ ኤርካሎ «የልጄን ቤት ጉልላት ሌላ ሰው አይነካውም» ብሎ ጣሪያው ላይ ወጣ። ሰርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የገበያ ቀን ስለነበር ምሳ ይዛለት ከመጣችው ከሚስቱ ከሳህሊቱ በቀር በግቢው ማንም የለም። የጫፉን ማሰሪያ ሲያጠብቅ እግሩ ከዳው። ከታች በተከመረ ቀርከሃ ላይ በፊቱ ተደፋ፤ ስንጣሪው ግራ ዓይኑን ወጋው።

ሳህሊቱ ኡኡ ልትል ስትል ደም በነካው እጁ አፏን ያዘ።

«እሾህ ወጋው በዪ! ወደቀ ካልሽ የልጅሽን ቤት አፈረስሽው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህ እየፈሰሰ ነው! ኦቶና፣ ሐኪም ቤት እንሂድ!»

«ኦቶና የሄደ ሰው ወሬው ቀድሞት ነው የሚመለሰው። ከሰርጉ በኋላ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይኑን በጨርቅ አስሮ ጥርሱን ነክሶ ከረመ። በሰርጉ ቀን ሙሽሮቹን መረቀ፣ እንግዳውን ሁሉ አሳቀ። አማቾቹም «ክፉ እሾህ!» እያሉ ከንፈራቸውን መጠጡለት።

ሐኪም ቤት ሲደርስ ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር ደገፉ «አባባ፣ ወድቀው ነው?» ቢለው እዚያም «እሾህ ነው» አለ። ፈረንጁ ሐኪም ግን ያየው ደህናውን ዓይን ነበር፤ ደጋግሞ አየው። ደገፉ የሐኪሙን ቃል ተረጎመለት፤ የተወጋው ዓይን ቶሎ ቢወጣ ኖሮ ደህናው ሊተርፍ ይችል ነበር፤ አሁን ሕመሙ ወደ ቀኙ ተሻግሯል። ግራው ወጣ፣ ለቀኙ መድኃኒት ተሞከረ። ዓመት ሳይሞላ ኤርካሎ ቀንና ሌሊት መለየት አቃተው።

በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ በስድቡ ሲስቁ የኖሩት «እርግማን ነው» ይሉት ጀመር። እሱ ግን አልተከፋም። አስካለች በዚያ ቤት ሦስት ልጆች ወልዳ እያሳደገች ነበር። ዓይኖቼ ለዚህ ዋሉ እያለ በልቡ ይኮራ ነበር፣ ምስኪን።

ስምንት ዓመት ቆይቶ ሳህሊቱ ሞተች። በለቅሶው በሦስተኛው ቀን ዳልጮ አጠገቡ ተቀምጦ ሲያጽናናው፣ ኤርካሎ ምስጢሩን ዘረገፈለት። ምስጋና ነበር የጠበቀው።



«አባባ፣ እኛ ቤት እኮ ይህ ነገር ከነጭራሹ የለም» አለ ዳልጮ። «እኔ ራሴ የተወለድኩበት ጎጆ ከዳኙ ወድቆበታል፤ ስድስታችንም እዚያው ነው ያደግነው። ቢነግሩን ኖሮ የዚያኑ ዕለት በቃሬዛ ተሸክመን ኦቶና እናደርስዎት ነበር።»

ኤርካሎ አንገቱን ደፋ።

«ሳህሊቱ አማቾቻችንን እንጠይቃቸው ብላኝ ነበር» አለ። «ሰደብኳት።»