የትሉ ድርሻ

ወይዘሮ ለተ ሚካኤል የትል ለቀማውን ፀሐይ ሳትወጣ ነው የሚጀምሩት። የጤና አዳም ጭማቂ የነካው እጅ ፀሐይ ሲያገኘው ውኃ ይቋጥራልና እጅጌያቸውን እስከ አንጓቸው ይስባሉ። በግራ እጃቸው ቅርንጫፉን ከሥር ደገፍ፣ በቀኝ አውራ ጣታቸው ቅጠሉን ገልበጥ ያደርጋሉ። የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር ሲያገኙ አያራግፉትም፤ እፍ ይሉበታል። ኩስ ከሆነ ዝም ይላል። ትል ከሆነ ራሱን ቀና ያደርጋል። ያን ጊዜ ቀንበጧን ከነትሉ በጥፍራቸው ይቀነጥሱና አጥሩ ሥር ካለችው አራተኛዋ የጤና አዳም እግር ላይ በቃጫ ያስሯታል። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ቅጠል።

ወይዘሮ ለተ ሚካኤል ቆቦ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ወላጆቻቸው ለንግድ ከማይጨው ወርደው እዚሁ የቀሩ። ከቤታቸው ጀርባ ያለው መደብ ስድስት ሜትር በሦስት ነው፦ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ድንብላል። ውኃው በምስማር ከተበሳ ጀሪካን ይንጠባጠባል፤ የቆቦ ሙቀት ከላይ የፈሰሰውን ሥሩ ሳይደርስ ይወስደዋል።

የጤና አዳሙን ትል ጠባዩን ያውቁታል። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲነኩት ከጭንቅላቱ ኋላ ብርቱካንማ ቀንድ ብቅ አድርጎ ይሸታል።

«እናንተ ጤና አዳም ትሉታላችሁ» ይላሉ። «በኛ በትግርኛው ጨና አዳም ነው። ጨና ሽታ ማለት ነው። ይሄ ትል ትግርኛ ነው የሚናገረው።»

ሁልጊዜ እንዲህ አልተግባቡም። አምና ትሉ ሲያስመርራቸው ጎረቤታቸውን ፈንታውን ጠሩት። ፈንታው ሮቢት አጠገብ ጤፍና ማሽላ ያርሳል፤ በጀርባ የሚታዘል የተባይ መድኃኒት መርጫ አለው። «ና አንድ ጊዜ እርጭልኝ» አሉት፤ መደቡን በሙሉ ረጨላቸው። ድንብላሉ ያን ሰሞን አበባ ላይ ነበር። ትሉ ሞተ፤ ንቡም ቀረ። ጥር ላይ ሲወቁት ግማሹ ባዶ ቅርፊት ሆነ። በማንም አላላከኩም። «ያስረጨሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ዘንድሮ ግን ባዶ ቅርፊት የሚያስታግሥ ዓመት አልነበረም። ልጃቸው ሔዋን ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ወደ ዋጃ ልትዳር ነው። በእናታቸው ቤት ወግ የልጅ ሠርግ በርበሬ ከእናት ጓሮ በወጣ ድንብላል፣ በሶብላና ጤና አዳም ነው የሚቀመመው፤ እነዚህን ሦስቱን ከገበያ መግዛት ነውር ነው። ወይዘሮ ለተ ሚካኤል ይህንኑ ለሙሽራው እናት በአፋቸው ተናግረዋል። ከድንብላሉ ብቻ ሦስት ጣሳ ያስፈልጋል። አምና የወጣው አንድ ነው።

መስከረም ላይ ሲዘሩ ታዲያ ዳግም ላለማስረጨት መደቡን ለቤትና ለትል ከፈሉት። ካሉት አራት እግር ጤና አዳሞች ሦስቱ የቤት፣ አራተኛዋ የትል። ከድንብላሉም የዳሩ መስመር ተተወ፤ አይቀነጠስም፣ አይነካም።

ፈንታው በአጥሩ በኩል አየ። «እቴ ለተ፣ ለትል ቀለብ ትሰፍሪ ጀመር?»

«ላንተስ ስሰፍር ኖሬ የለ» አሉት። «እሱ እንኳ ድገሚኝ አይልም።»

ኅዳር ላይ ክሽክሽ መጣ። ያ ጥቃቅን አረንጓዴ ተባይ የድንብላሉን አናት አለበሰው፤ ቅጠሉ ተጨማደደ። ሔዋን ደነገጠች።

«እማ፣ ሠርጌ ነው እኮ። አያ ፈንታውን ልጥራው።»

«ጥሪው፤ ቁርስ ይብላ። መርጫውን ግን ቤቱ ይተወው።»

ጧትና ማታ አናት አናቱን በውኃ ያጥባሉ፤ በማግስቱ ተመልሶ ያገኙታል። በስድስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጠው ፈንታውን ሊጣሩ ወደ አጥሩ ሄዱ። አጥሩ ሥር ያለው ያ ያልተነካው የድንብላል መስመር ነው። ጎንበስ ሲሉ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው ቀያይ ጥንዚዛዎች ክሽክሹን ይለቅሙታል፤ አሥራ አንድ ቆጠሩ። ሳይጣሩ ተመለሱ። በሳምንቱ ጥንዚዛዎቹ ወደ ውስጥ መስመሮች ገብተው አናቱን ሁሉ አጸዱት። ታኅሣሥ ላይ ድንብላሉ ሲያብብ ንቡ መጣ፤ ጓሮው ጧት ጧት እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኽ ጀመር።

ጥር አጋማሽ ላይ አጭደው በጆንያ ላይ ወቁት። አንዱ ጣሳ ሞላ። ሁለተኛው ሞላ። ሦስተኛው ሞልቶ ተረፈ። ሔዋን ሌላ ጣሳ ልትዋስ ፈንታው ቤት ብትሄድ፣ ጣሳውን ራሱ ይዞ መጣ። አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰበራት።

«ሙሉ ናት» አለ።

«ባዶ ኖሯል የፈለግኸው?»

ፈንታው ጭንቅላቱን አከከ። «ለዘር የምትሆን ትንሽ ስጪኛ።»

«እሰጥሃለሁ። አበባ ላይ ሳለ ግን መርጫህን አዝለህ እንዳትጠጋው።»

ተቀበለ። ጭብጥ ሙሉ ሰጡት።

አራተኛዋን ጤና አዳም ትሉ ግጦ በግንዷ አስቀርቷታል፤ የሦስቱ ፍሬ ግን ተንዠርግጎ በርበሬው ውስጥ ገባ። የሙሽራው እናት ከዋጃ መጥተው በጣታቸው ቀመሱና ሁለት ጊዜ አስነጠሱ። «ይሄንንማ ለእንግዳ ሁሉ አትበትኑት» አሉ፤ «ለኔም ቋጥሩልኝ።» ወይዘሮ ለተ ሚካኤል ያን ቀን ቤት ውስጥ ሲንጎራደዱ ዋሉ፤ የሚሠሩት ሥራ ግን አልነበራቸውም።

ለአንባቢ የሚሉት ካለ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። አንድ ነገር ለመኑ።

«ድንብላላችሁ ባበበ ቀን፣ መርጫ ከማንሣታችሁ በፊት ጧት ሦስት ሰዓት ላይ አጠገቡ ቁሙልኝ። ማን ማን እንደሚመጣ ቁጠሩ። ቆጥራችሁ ስትጨርሱ የፈለጋችሁትን አድርጉ።»