ውቢትና የአዘናው ግድግዳ

ዳንግላ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ የውቢት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለ። ደብተርና እስክሪብቶ ትሸጣለች፣ ፎቶ ኮፒ ታነሣለች። ደብተር ሊገዛ ገብቶ ጨዋታዋ ይዞት ሚኒባስ ያመለጠው ሰው ብዙ ነው። ስታወራ እጇም ቅንድቧም ድምፅዋም አብረው ይሠራሉ። ሃምሳ ሊሞላት ትንሽ ቀርቷታል፤ ትዳር ይዛለች፣ ልጆቿን ድራለች፣ ባሏንም ቀብራለች። ይህን ሁሉ የጠየቃት ሰው ካለ በአጭሩ ትነግረዋለች። ረዘም አድርጋ የምታወራው ስለ ታላቅ ወንድሟ ስለ ወገኔ ስትጠየቅ ነው።

ወገኔ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። አዲስ አበባ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር ለእናታቸው ለእመቤት ሳሙና፣ ለውቢት ደግሞ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች የለቀመውን የፈረንጅ ኮሚክ ይዞ ይመጣ ነበር። ያኔ ኮሚክ የሚለውን ቃል የሚያውቅ የለም፤ «የሥዕል መጽሐፍ» ነው የሚባለው። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፣ ሻይ የፈሰሰበት ነው። ቀለሙ ግን! እንዲያ ያለ ቀይና እንዲያ ያለ ሰማያዊ ዳንግላ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በቀር የትም አይታይም ነበር።

በገበያ ቀን ወንድምና እኅት ከአንድ ቆርቆሮ ቤት ጥግ የማዳበሪያ ከረጢት ያነጥፉና መጻሕፍቱን ይደረድራሉ። የሚገዛ እንኳ አልነበረም። ሰው ቁጭ ብሎ አይቶ ይመልሳል፤ ሳንቲም ያለው ሳንቲም፣ የሌለው ድንች ይሰጣል። ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ ከረጢቱ ውስጥ ድንቹና መጻሕፍቱ አብረው ይንገጫገጫሉ።

ችግሩ እንግሊዝኛውን የሚያነብ አለመኖሩ ነበር። አንድ ቀን በግ ሊሸጥ የመጣ ገበሬ አንዱን ገጽ ገልብጦ ገልብጦ አየና፣ «አሁን ይሄ ሰውዬ አፉን ከፍቶ ምን እያለ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ወገኔ ራሱን አከከ። ውቢት ግን ምን እንደነካት ሳታውቅ፣ «በሬዬን መልስልኝ እያለው ነው» አለች። ገበሬው ገጹን እንደገና አየና፣ «እውነቷን ነው፤ በሬ የተሰረቀበት ሰው ፊት ነው» አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ተራኪዋ እሷ ሆነች። ለከተማው በአማርኛ፣ ከገጠር ለሚመጡት በአዊኛ ታወራላቸዋለች። በእሷ አፍ ባንክ ዘራፊው በሬ ሌባ ሆነ። ፎቁ ተራራ፣ መኪናው በቅሎ ሆነ። ከሁሉ የተወደደው ክንፍ ያለው ሰውዬ ነበር፤ ገበያተኛው እንደ ደረሰ፣ «ባለ ክንፉ እንዴት ሆነ?» እያለ ይጠይቃታል፣ ስለ ጎረቤት እንደሚጠየቅ።

ይህ ሁሉ ሁለት ክረምት እንኳ አልዘለቀም። ወገኔ የተሻለ ሥራ አገኛለሁ ብሎ ሰሊጥ ሊያርም መተማ ወረደ፤ እዚያው ወባ ይዞት ቀረ። አስከሬኑም አልመጣም። አርባው በወጣ ሰሞን ውቢት ከጎረቤት ስትመለስ የመጻሕፍቱ ካርቶን ከቦታው የለም። እናቷን ብትጠይቃት፣ «ለበርበሬና ለጨው ሻጯ ለመቋጠሪያ ሰጠኋት፤ ዓይኔ እነሱን ማየት አቃተው» አለቻት። በሚቀጥለው ገበያ ውቢት አንዲት ሴት ጨው ቋጥራ ስታልፍ አየች፤ ጨው የተቋጠረበት ወረቀት ቀይና ሰማያዊ ነው። ዝናብ ይጥል ነበር። መሐል መንገድ ላይ ቆማ ሴትዮዋ እስክትርቅ አየቻት፤ ቤት ገብታም ከእናቷ ጋር ለብዙ ጊዜ አልተነጋገረችም። ቂሙ ከዕድሜዋ ጋር እየቀለለ ሄደ እንጂ አልወጣም። እናቷን በሕመሟ ጊዜ ያስታመመቻት፣ በኋላም በወግ በማዕረግ የቀበረቻት እሷ ናት፤ ያን ካርቶን ግን አንድም ቀን አንሥተው አልተጫወቱበትም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ናርዶስ የምትባል ወጣት የሥዕል መምህርት ወረቀት ልታባዛ ወደ ሱቁ ገባች። ከጓደኞቿ ጋር በአማርኛ የሚነበብ የሥዕል ታሪክ እየሠራች ነበር። ውቢት ከማሽኑ የወጣውን ገጽ አንሥታ ሳትመልስ ቆየች።

«እትዬ ውቢት፣ ተበላሸ እንዴ?» አለች ናርዶስ።

«የለም» አለች ውቢት። «ይህንን መሸጥ የኔ ሥራ ነው።»

እንዲህ ተዋወቁ። መጽሐፉ ባሕር ዳር ታትሞ ሲመጣ ከሱቁ መስኮት ላይ ተሰቀለ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛውም ተከተለ። ባለፈው ጥር፣ በየዓመቱ የሚከበረው የፈረሰኞች በዓል ሰሞን፣ እንጅባራ ላይ የመጻሕፍትና የሥዕል ዐውደ ርዕይ መዘጋጀቱን ሰሙ። ኮሚክ የሚሠሩ ልጆች ከየከተማው ይመጣሉ ተባለ። ውቢት ሱቋን ዘግታ፣ ነጠላዋን አጣጥፋ፣ ካርቶኖቹን ሚኒባስ ላይ አስጭና ከናርዶስ ጋር ሄደች።

አዳራሹ በሰው ጢም ብሏል። ከአንደኛው ጠረጴዛ መንፈሳዊ መጽሐፍ፣ ከሌላው የተማሪ አጋዥ ይሸጣል። ወጣቶቹ ፊታቸውን ቀለም ተቀብተው፣ ከካርቶን የተሠራ ጦርና ጋሻ ይዘው ፎቶ ይነሣሉ። ወደ እነ ውቢት ጠረጴዛ ግን የሚመጣው ሰው መጽሐፉን ያነሣል፣ ገለጥ ገለጥ ያደርጋል፣ «ጎበዞች ናችሁ» ይልና አስቀምጦት ይሄዳል። እስከ ምሳ ይኸው ነበር። ናርዶስ አንገቷን ደፋች።

«ሰው ስልኩ ላይ ያየዋል፤ ለምን ይገዛል?» አለች።

ውቢት ተነሥታ ወንበሯን ወደ ጎን ገፋች፣ አንዱን መጽሐፍ ሰው እንዲያየው ከፍታ ከደረቷ ላይ ያዘችው። ጉሮሮዋን ጠረገችና በሽማግሌ ድምፅ ጀመረች። ቀጥሎ በሴት፣ ቀጥሎ በፈረስ ኩርፊያ። መጀመሪያ ዘወር ያሉት አጠገቧ ያለው ጠረጴዛ ሻጮች ናቸው። ቀጥሎ ባለ ጋሻዎቹ ወጣቶች መጡ። ትንሽ ቆይቶ ከሰው ብዛት ናርዶስ ራሷ አልታይ አለች። ውቢት ታሪኩ ጫፍ ላይ ሲደርስ መጽሐፉን እጥፍ አደረገችና፣ «የቀረውን ለማወቅ የፈለገ ይውሰድና ያንብብ!» አለች። ሰው ሳቀ፣ ተሻማም።

«የት ነው እንዲህ የተማሩት?» አለ አንዱ።

«ዳንግላ፣ ከረጢት ላይ ቁጭ ብዬ» አለች ውቢት። «እናንተ ሳትወለዱ ባለ ክንፉን ሰውዬ በአዊኛ ያናገርኩት እኔ ነኝ።»

ወደ አመሻሹ ሰዉ ሳሳ። አንዲት አርባ ዓመት የሚሆናት፣ የጤና ባለሙያ መታወቂያ ያንጠለጠለች ሴት ግን ከጠረጴዛው ፊት አልሄደችም። መጽሐፍ ገዝታ በእጇ ይዛዋለች፤ ሌላ የፈለገችው ነገር አለ።

«ይቅርታ እትዬ፣ ቅድም ባለ ክንፍ ሰውዬ ብለው ነበር» አለች። «ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ከድልድይ ላይ ስትወድቅ፣ እሱ ከላይ እጁን ዘርግቶ የሚወረወርበት ነው?»

ውቢት መጽሐፍ እየደረደረች ነበር። እጇ ቆመ።

«ቢጫ ነው ያልሽኝ?»

«ቢጫ። አንድ እግር ጫማዋ ወልቋል።»

«ጫማው የት ጋ ነው?»

«ከእሷ በላይ ነው የቀረው። ሰውዬው ጫማውን መያዝ ይችል ነበር፤ እሷ ጋ ግን ገና አልደረሰም። በጣቱና በጣቷ መካከል ይህችን ታህል ቀርቷል» አለችና ሁለት ጣቶቿን አቀራርባ አሳየቻት።

ውቢት ወንበሯን ፈልጋ ተቀመጠች። «የት አየሽው ልጄ?»

«ግድግዳችን ላይ።»

ሴትዮዋ ምሕረት ትባላለች፤ ትውልዷ ከእንጅባራ ብዙ በማይርቀው አዘና ነው። አባቷ አንድ ጊዜ ለጉዳይ ዳንግላ ሄዶ ሲመለስ ጨው ቋጥሮ አመጣ። እናቷ ካሳነሽ ጨዉን አራግፋ ወረቀቱን በዱቄት ሙጫ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው፤ ቀድሞ ከተለጠፉት ጋዜጦች ጋር ብርድ እንዲከላከል። ቦታው ልጆቹ የሚተኙበት መደብ ራስጌ ነበር። ምሕረት ኩፍኝ ይዟት ስትተኛ ከዚያ ሥዕል በቀር የምታየው አልነበራትም።

«እስከ ዛሬ የምጠይቀው ሰው አላገኘሁም» አለች። «ደረሰባት ወይስ አልደረሰባትም?»

ውቢት ምላሷ ላይ የተዘጋጀ መልስ ነበራት። አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

«እኔም አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «ወገኔ ሲያመጣው የኋላው ተገንጥሎ ነበር። ያቺ ገጽ የመጨረሻዋ ናት።»

ምሕረትም፣ «ታዲያ ለገበያተኛው ምን ይሉት ነበር?» አለች።

«እንደ ቀኑ ነዋ! ሰው የከፋው ዕለት ያድናታል፤ በከፋው ሰው ላይ ማን ይጨክናል? ደስ ያለን ዕለት ግን ወንዙ ውስጥ ትወድቅና ዋኝታ ትወጣለች፣ ዘገየህ ብላም ትሰድበዋለች። ወንድሜ ብቻ አንዱንም አያምነኝም ነበር። 'አዲስ አበባ ቀሪውን ፈልጌ አመጣዋለሁ' ይለኛል። በሄደ ቁጥር ይፈልግ ነበር መሰለኝ።»

«እኔ ደግሞ በከሰል ክንፍ ሣልኩላት» አለች ምሕረት።

«ለማን?»

«ለልጅቱ። ራሷ ትብረር ብዬ። እናቴ አየችና ገረፈችኝ!»

ውቢት ሳቀች። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ ተሰበረና ዕንባዋ መጣ። ናርዶስ ደንግጣ ውኃ ይዛ ስትመጣ ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው አገኘቻቸው።

ዐውደ ርዕዩ ባለቀ ማግስት ምሕረት ውቢትን አዘና ወሰደቻት። «እናቴ ሳታይዎት እንዳይሄዱ» ብላ ለምና ነው። ቤቱ የድሮው ነው፤ ግድግዳውን ግን የምሕረት ወንድም ከዓመታት በፊት በሲሚንቶ ለስኖታል። ከሥዕሉ ብጣሽም አልተረፈም። ካሳነሽ በዕድሜ ብዛት ጎብጣለች፤ በከዘራዋ የተለሰነውን ግድግዳ መታ መታ አደረገችና፣ «እዚህ ጋ ነበር» አለች። ውቢት እጇን ቦታው ላይ አሳረፈች። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል።

«የወረቀቱ ባለቤት አንቺ ነሽ አሉኝ» አለች ካሳነሽ አተኩራ እያየቻት። «እኔ እኮ ልጄ፣ መልአክ ነው ብዬ ስንት ዘመን አማትቤበታለሁ! ይቺ ደግሞ በከሰል ታበላሽብኛለች።»

«እማዬ፣ መልአክ ሱሪ ይታጠቃል?» አለች ምሕረት።

«እኔ ምን አውቃለሁ? የፈረንጅ መልአክ ይሆናል አልኩ።»

ሲስቁ ቆዩ። ከዚያ ውቢት፣ «እማማ፣ የጨው ወረቀት ሰው እሳት ውስጥ ይጥለዋል፤ እርስዎ እንዴት አቆዩት?» ብላ ጠየቀቻት።

አሮጊቷ በጥያቄው የተገረመች መሰለች። «ዓይን ያለው ወረቀት እሳት ውስጥ ይጣላል እንዴ? ሰው እኮ አለበት። እናትሽ አልነገረችሽም?»

ውቢት ወንድሟ የሞተበትን ያን ክረምት አስታወሰች። እንጨቱ ርጥብ ነበር፤ እናቷ እሳቱን እፍ እያለች ዓይኗ እስኪቀላ በጭስ ትታፈን ነበር። ማቀጣጠያ ወረቀት አምሮት የነበረ ቤት ነው። ካርቶኑ ደግሞ ከምድጃው ሁለት እርምጃ እንኳ አይርቅም ነበር፤ እናቷ ግን አንድ ገጽ እንኳ አላነደደችም።

በዚያ ሳምንት እሑድ፣ ዳንግላ ላይ፣ ውቢት ከቅዳሴ በኋላ ከሰው ተለይታ ወደ እናቷ መቃብር ዘወር አለች። ሣሩን በእጇ ነቀል ነቀል አደረገች። ብዙ ወሬ የምታውቀው ሴት ያን ዕለት የተናገረችው ይህችን ብቻ ነው፦

«እማዬ፣ አንዱ አዘና ደርሶ ነበር።»