እህቴን ወንዝ ዳር ያዋልሁበት ቀን

መንገዱን ሲሠሩት አላመንሁም ነበር። ከሰፈራችን ሥር ያለው ወንዝ ቆሻሻ መጣያ ነበር፤ የሞተ ውሻ ሳይቀር እዚያ ነው የሚጣል። አንድ ክረምት አልፎ በጋ ሲገባ ዳር ዳሩን ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፉት፣ የብረት አጥር አቆሙለት፣ አግዳሚ ወንበርም አስቀመጡበት። ከድልድዩ እስከ መናፈሻው ድረስ አንድ እንቅፋት የለበትም። ሕፃን ያዘለችም፣ ጋሪ የምትገፋም፣ ምርኩዝ የያዘም ይሄድበታል። እኔም በዚህ ጉልበቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንደ ልቤ የምሄደው እሱ ላይ ብቻ ነው።

እህቴን የወሰድኋት በዚያ መንገድ ነው። ታላቄ ናት፣ ገጠር፣ ዲማ ነው የምትኖረው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ሴቶቹ ልጆቿ ተድረው ሄደዋል፤ እርሻውን የሚይዝላት አንድ ወንድ ልጇ ነበር። ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ሦስት ዓመት ሙሉ ሰውን በድምፁ እንጂ በመልኩ አትለይም ነበር። እሱው እኔ ዘንድ ይዟት መጣና ዓይኗ ተሠራላት። አጨዳ ደርሶበት ስለነበር ፋሻው ሳይፈታላት ሊመለስ ተነሳ። ፊቱን በእጇ ዳብሳ ነው የሸኘችው።

"ስትመለሺ ታዪኛለሽ፣ እንዴት እንዳማረብኝ" አላት።

"ከየት አምጥተህ ታምራለህ! አባትህን አይደል የመሰልኸው" ብላ ሳቀችበት።

እሱ በሄደ በሦስተኛው ቀን፣ ገና በማለዳው፣ ወንድማችን ስልክ ደወለ። ልጇ ከገበያ ሲመለስ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ተገልብጦ ሞቷል። ዛሬ ቀትር ላይ እንቀብረዋለን አለኝ።

"እሷንስ?" አልሁት።

"እሷንማ እንዴት አድርገን? ገና ትናንት የተፈታ ዓይን ነው፤ ካለቀሰችበት ይፈሳል። ልጇንም ዓይኗንም ባንድ ቀን ልናሳጣት ነው? እስኪጠግግ አንቺ ዘንድ ያዥያት። ከዚያ መጥተን እናረዳታለን።"

ሐኪሙ በዋዜማው ምሽት ፋሻውን ሲፈታላት አታጎንብሺ፣ አታሺው፣ ውኃ አይንካው ብሏት ነበር። ስለ ልቅሶ ያነሳው ነገር የለም፤ እኛም አልጠየቅነው። እንባም ውኃ ነው ብለን ቆረጥን። እሺ አልሁ።

በእኛ አገር መርዶ እንደ ወሬ አይወረወርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ደጋፊ በስተኋላ ቆሞ ነው የሚነገር። እስከዚያ ድረስ መደበቁ ነውር የለውም፤ ለሰውዬው ማዘን ነው። እኔም ስንቱን ደብቄያለሁ በዕድሜዬ።

ያስቸገረኝ ቤቴ ነው። ጎረቤቱ ሰምቷል፤ ለቅሶ ሊደርስ እየመጣ ነው። እንዴት አድርጌ ልመልሰው? ጥቁር መነጽሯን አደረግሁላትና "ተነሽ፣ መናፈሻ ላሳይሽ" አልኋት።

"እኔን መናፈሻ! አንቺ እኮ ከተሜ ሆነሽ ቀረሽ" አለች። ግን ደስ ብሏት ተነሳች።

ከድልድዩ ጀምረን ቀስ እያልን ሄድን። ሦስት ዓመት የቀረባትን ሁሉ በዚያች ቀን ልታየው ነው መሰለኝ፣ ሁለት እርምጃ ትሄድና ትቆማለች። ቢጫ አበባ አይታ ቆመች። አጥሩን አይታ ቆመች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና መነጽሯን ከፍ አድርጋ አየችኝ።

"ውይ! አንቺ እኔ ሳላይሽ አርጅተሽልኛል! ምንድን ነው ይህ ሁሉ ጭምድድ?"

"አንቺስ? መስታወት ስላልሰጠሁሽ ነው" አልኋት።

ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ እንጃ።

መንገዱ መሐል ላይ አንዲት ጎረቤቴ ከፊት ለፊታችን መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ወደ እኔው ቤት መሄዷ ነው። አይታኝ ክንዷን ዘረጋች፣ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከእህቴ ትከሻ በስተኋላ ሆኜ በዓይኔ ለመንኋት። ገባት። "እትዬ፣ እንኳን ለብርሃን አበቃዎት" ብላ እህቴን ሳመቻትና ፊቷን ወደ ወንዙ አዙራ አለፈች።

"ይቺ ሴት ሰው ሞቶባታል መሰለኝ። ነጠላዋን አየሽው?" አለችኝ እህቴ።

"አዎ፣ ዘመድ ነው።"

"ታዲያ እግዜር ያጥናሽ እንኳ አትያትም? ከተማ ሰውነትሽን አጠፋው እንዴ!" ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ራሷ ዞራ፣ ሴትዮዋ ርቃ ከሄደች በኋላ፣ "እግዜር ያጥናሽ፣ እህቴ!" ብላ ጮኸችላት።

መናፈሻው ደርሰን ጥላ ሥር አረፍን። ልጆች ሸርተቴ ይንሸራተታሉ፣ እናቶቻቸው ይጮሁባቸዋል። ስለ ልጇ አወራችኝ። ዘንድሮ ትድረው ነበር፤ ሚስቱን ራሷ አይታ ልትመርጥለት ነው። "በሰው ዓይን የተመረጠች ምራትማ ምኗ ይታመናል" ትለኛለች። ዥዋዥዌው ባዶ ሲሆን አይታ ተነሳችና ተቀመጠችበት።

"ግፊኝ!"

"ኧረ ተይ፣ አሮጊት! ሐኪሙ አላለም..."

"አታጎንብሺ አለ እንጂ አትወዛወዢ አለ? ግፊኝ!"

ገፋኋት። ልጆቹ ከበው አጨበጨቡላት። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ይህን ጊዜ አፈር እያለበሱት ነው አልሁ በሆዴ፤ እጄ ግን መግፋቱን አልተወም።

ዘመዶቻችን ሁለት ሳምንት ቆይተው ሊያረዷት መጡ፣ በማለዳ። ብድግ ብላ ከበር ጀምራ አንድ በአንድ ፊታቸውን አየች። ልጇ ከመሐላቸው እንደሌለ ያየችው ራሷ ናት። ጮኸች፣ ደረቷን መታች፣ የሚደረገው ሁሉ ተደረገ። ጥቂት ጸጥ ስትል መቼ እንደተቀበረ ጠየቀች። ነገሯት። ቀኑን ቆጠረችና ወደ እኔ ዞረች።

"ዥዋዥዌ የገፋሽኝ ቀን?"

የነጠላዬን ጫፍ ወደ ፊቴ ሳብሁ።

"ይህን ዓይን ለማን አተረፋችሁት? ሬሳውን እንኳ አይቼው ይጥፋ ብል ምን ነበረበት?"

ዲማ ተመለሰች። አርባው ሲወጣ ሄጄ ከሴቶቹ ጋር ሠራሁ፤ አላናገረችኝም። ወጥ ጨምራ ሰጠችኝ፣ በዚያው አለፈች።

ከዚያ ለዓይኗ ቀጠሮ መጣች። ሐኪሙ አይቶ ደህና ነው አለ። እሷ ቀድማ ስትወጣ እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ ጠየቅሁት።

"እናቴ፣ እንባ ዓይን አያጠፋም። እኛ የምንፈራው ማሸቱን ነው። እጇን ይዛችሁላት ማልቀስ ትችል ነበር" አለኝ።

እጇን መያዝ! ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ እጅ የሚይዝ ይጠፋል?

ስወጣ በረንዳው ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ከመርዶው ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው፦

"ያን ጊዜ ባለቅስበት ይፈስ ነበር፣ አይደል?"

"ይፈስ ነበር" አልኋት።

"እንግዲያስ ምን ታደርጉ" አለችና እጄን ያዘችኝ። እጅ ለእጅ ተያይዘን ወጣን።

አሁን በየሳምንቱ ትደውላለች፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው ትለኛለች። ልንገራት እልና እጄን እንደገና ትለቀዋለች ብዬ እፈራለሁ። የያዘችኝ በውሸቴ ነው። አንቺ ይህን የምትጽፊልኝ ልጄ፣ እንዳለ ጻፊው፣ አታሳምሪልኝ። እሷም እኔም ማንበብ አንችልም። ቀድሜ ከሞትሁ ሄደሽ አንብቢላት። እሷ ከቀደመች ግን ተይው፤ ልጇ እዚያ ይነግራታል።