ኤርሜስ በጥቁር ናስትሮ የሸፈነው ጌጅ

ባለቤቴ ኤርሜስ የሚዋሽ ጌጅ ሲያጋጥመው በጥቁር ናስትሮ ይሸፍነው ነበር። መለዋወጫ ከቶሪኖ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ የመኪናው ባለቤት ግን እሑድ መንዳት ይፈልጋል። መርፌዋ መንገድ ላይ ወደ ቀዩ ስትዘልበት ደንግጦ ዳር ይይዛል፤ ከዚያ ስልክ ፍለጋ ይንከራተታል። ስለዚህ ኤርሜስ ከጥቅሉ አንድ ጣት የሚያህል ይቆርጥና መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። «ዐይኗን ሸፍኜልዎታለሁ፤ አሁን በሰላም ይንዱ» ይላቸዋል። ደንበኞቹ ይስቃሉ። እኔም እስቅ ነበር።

የምንኖረው ሞዴና አጠገብ፣ ስፒላምቤርቶ ነው፤ ከታች ጋራዡ፣ ከላይ መኝታችንና ማድ ቤታችን። የጋራዡን ግማሽ ኤርሜስ ይሠራበታል፤ በሌላው ግማሽ ወንድሜ ሌያርኮ ካርቡራተር ይፈታል፣ ያጥባል፣ ይገጥማል። በመካከላቸው ግድግዳ የለም። ከሌያርኮ ወገን ጠዋት ማታ ቤንዚን ስለሚሸት ማናችንም ሽታውን ከቁም ነገር አንቆጥረውም ነበር።

በእኛ አገር ፈጣን መኪና እንደ ቼሪው ከመሬት የሚበቅል ይመስላል። አዲሶቹን የሚገዙት ከሩቅ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ አሮጌዎቹ ግን እዚሁ ይቀራሉ፣ በሐኪሞች፣ በጠበቆችና በአሳማ ሥጋ ነጋዴዎች እጅ። ሞተራቸው እንደ ሰዓት የተሠራ ነው። ሽቦአቸው ሌላ ጉዳይ ነው። የፊት መብራት ስታበራ የሙቀት መርፌዋ ትነሣለች፣ ፍሬን ስትይዝ የነዳጁ ትወድቃለች፣ ፍሬቻ ስታሳይ ሰዓቱ ይቆማል። ኤርሜስ ሠላሳ ዓመት የኖረው በዚህ ነው። ከአሥር ውሸታም ጌጆች የዘጠኙ ጥፋት ማሳው ነው ይል ነበር፤ ማሳ የሚለው ሽቦው ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰርበትን ቦታ ነው። ቦታው ሲዝግ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ያጣና በሌላው ጌጅ በኩል ይዞራል፤ መርፌዎቹም ያልሆነውን ያወራሉ።

አጭር ሰው ነበር፣ ወፍራም መነጽር ያደርጋል፣ ጣቶቹ ግን እንደ ልጅ ጣት ቀጫጭን ናቸው። ዳሽቦርድ ሥር ሲሠራ በጀርባው ይተኛል፤ ጭንቅላቱ ፔዳሎቹ መካከል፣ ጀርባው መቀመጫው ላይ ይሆናል፣ እግሮቹን ደግሞ በመቀመጫው መደገፊያ ላይ አሳልፎ ወደ ኋላ ይሰቅላል። ሽቦውን በዐይኑ አያየውም፤ በጣቱ ይለየዋል። ሌያርኮ በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር «የሌሊት ወፏ ተሰቅላለች፤ ዝም በሉ፣ እንዳትነቃ» ይል ነበር። ከሥር ካቻቪቴ ይወረወርበታል።

ልብሳቸውን የማጥበው እኔ ነበርኩ። የኤርሜስ ቱታ የሚሸተው የተቃጠለ ላስቲክና ሽቦ የሚበየድበት ስታኞ ነው። የሌያርኮ ቤንዚን ነው። ዐይኔን ጨፍኜ እለያቸዋለሁ።

በ1988 ግንቦት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ማላቫሲ ሰማያዊ መኪናቸውን ይዘው መጡ። ዐሥራ አራት ዓመት ያገለገለች ናት፤ ሞተሯ ከሁለቱ መቀመጫዎች ጀርባ ነው፣ የቤንዚን ታንከሮቿም እዚያው ግራና ቀኝ። ቅዳሜ አንድ ልጃቸው ኮስታንሳ ልታገባ ነው። በዚህች መኪና ቤተ ክርስቲያን አደርሳታለሁ ብለው ቃል የገቡላት ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ነበር።

«ኤርሜስ፣ ይቺ መኪና ጤና የላትም» አሉ። «መብራት ሳበራ ፈላሁ ትላለች። ቤንዚን ሞልቼ ቤቴ ሳልደርስ ጎደለ ትላለች። ሞተሩን የምታበርደው የኋላ ማራገቢያ ደግሞ ከገና ወዲህ ዞራ አታውቅም። አንድ እውነት ከአፏ አይወጣም።»

ሌያርኮ ከወዲያ በኩል ቀና አለ። «ከእርስዎ ተምራ ነዋ ዶክተር። መንጋጋዬን ሲነቅሉ ‹ምንም አያምህም› አላሉኝም?»

«አንተን አሞህ ነው? ሰፈሩ ነው የታመመው፤ ጩኸትህ ቪኞላ ድረስ ተሰምቷል።»

ኤርሜስ አልሳቀም። መብራቱን አብርቶ አጥፍቶ መርፌዎቹን ተመለከተ። «ማሳ ነው» አለ። «ዓርብ ማታ ይውሰዷት።»

ረቡዕ ማታ ቱታውን ሳነሣ ቤንዚን ሸተተኝ።

«ቱታህ ቤንዚን ቤንዚን ይላል።»

«ከወንድምሽ ወገን ነው» አለ፤ ሾርባውን መጠጣቱን ቀጠለ።

የት ቦታ እንደሸተተኝ አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም።

ሐሙስ ማሳውን አገኘው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ብሎኑ እስኪያብጥ ዝጎ ነበር። ፋቀው፣ አጸዳው፣ አዲስ ሽቦ አሰረለት። የሙቀት መርፌዋ ቦታዋን ያዘች፤ ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ። ከሁሉ በላይ ያስደሰተችው ማራገቢያዋ ናት። እሷ የቁልፍ ትእዛዝ አትጠብቅም፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ቢሆን ግለቱ ሲበዛ በራሷ ጊዜ ተነሥታ እንድትዞር ነው የተሠራችው። ኤርሜስ ሞተሩን አግሎ ቁልፉን ነቀለና እጁን አጣጥፎ ቆመ። ከደቂቃዎች በኋላ ማራገቢያዋ ተነሣች። እኔን ሳይቀር ከላይ ጠርቶ አሰማኝ።

የነዳጁ መርፌ ብቻ እንቢ አለች። ሐሙስ ማታ ታንከሩን ጢም አድርጎ ሞላ፤ ዓርብ ጠዋት ቁልፉን ሲያዞር መርፌዋ ከሙሉው ምልክት በታች ወርዳ ነበር። መኪናዋ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ማሳውን አጽድተሃል» አለ ሌያርኮ። «ታዲያ ምን ሆና ትወርዳለች?»

«ታንከሩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ነው። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ዋኝቷል፤ ደክሞታል።»

«ቢያፈስስ?»

«ሥሯን አይቻለሁ። ሲሚንቶው እንደ ብስኩት ደረቅ ነው።»

እውነቱን ነው፣ ሲሚንቶው ደረቅ ነበር። ለተንሳፋፊው ቶሪኖ ደወለ፤ ሦስት ሳምንት አሉት። ናስትሮውን ከኪሱ አወጣ።

ዶክተር ማላቫሲ ማታ ሲመጡ የተሸፈነውን ጌጅ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ሙሽራዋ እንዳትደነግጥ ነው?»

«አባቷ እንዳይደነግጡ ነው» አለ ኤርሜስ። «ታንከሩ ሙሉ ነው። ደርሰው ይመለሱ፤ ሌላውን ከሰርጉ በኋላ።»

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ማጠቢያው ጋ ነበርኩ። የሐሙስና የዓርብ ቱታውን ውኃ ውስጥ ከመንከሬ በፊት ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ደረቱ ስታኞ፣ እጅጌው ላስቲክ። ቤንዚኑ ያለው ከታች ነው፣ ባት ላይ፣ በሁለቱም እግር በኋላ በኩል። ጨርቁ እዚያ ቦታ ላይ ድርቅ ብሏል።

ኤርሜስ አራት ሰዓት ላይ እንደ ልማዱ ሞርታዴላና ዳቦ ሊበላ ወደ ማድ ቤት ወጣ።

«የሌያርኮ ቤንዚን ባትህን ብቻ መርጦ ነው እንዴ የሚረጭህ?» አልኩት።

«ምን?»

«ሁለቱም ባትህ ላይ ነው። ከኋላ በኩል። ሌላው ንጹሕ ነው።»

ዳቦውን ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ ወንበሩ ላይ እንዳለ ወደ ኋላ ተንጋለለ፣ እግሮቹን ትንሽ አነሣና ባቶቹ የት እንደሚያርፉ ተመለከተ። ከመቀመጫው ጀርባ፣ ታንከሮቹን ከሚለየው ግድግዳ ላይ፣ ወፍራም የሱፍ ንጣፍ አለ። ባቶቹ አራት ቀን ሙሉ ያረፉት እዚያ ላይ ነው።

«ሱፉ እየጠጣው ነው» አለ። «ለዚህ ነው መሬት ያልወረደ።»

ወደ ዶክተሩ ቤት ደወለ። ስልኩን ያነሣችው ምግብ አብሳይዋ ናት፤ ሙሽራዋና አባቷ መውጣታቸው ነው አለችው። ቤተ ክርስቲያኑ ከላይ ኮረብታው ላይ ነው፣ ሃያ ደቂቃ ዳገት። ኤርሜስ ጫማውን እንኳ አልቀየረም። እኔም በሽርጤ ተከትዬው ወረድኩ።

በሥራ መኪናችን ሄድን። ቼሪው ቀልቷል፣ ለቃሚዎች መሰላል ላይ ናቸው፣ አንዳንዶቹ እጃቸውን አውለበለቡልን። ኤርሜስ ከመንገዱ ዐይኑን አላነሣም።

«እየነዱ ሳለ አትቀጣጠልም?» አልኩት።

«እየነዱ ሳለ ነፋሱ ይወስደዋል።» ለዳገቱ ማርሽ ቀነሰ። «የምፈራው ሲቆሙ ነው። ዳገት ወጥታ ትግላለች። ሽታው ይጠራቀማል። ከዚያ ማራገቢያዋ ብልጭታ ይዛ ትነሣለች።»

«ባትነሣስ?»

«ትነሣለች» አለ። «እኔ ነኝ የጠገንኳት።»

በየጥምዝምዙ ጭስ ፈለግሁ። አልነበረም።

ስንደርስ ሰማያዊዋ መኪና ነጭ ሪባን ታስሮላት ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ሥር፣ ከግድግዳው ተጠግታ ቆማለች። ሰው ሁሉ ውስጥ ነው፤ ኦርጋኑ ይሰማል። ከግድግዳው ጥላ ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ሲጋራ ያጨሳሉ። የመኪናዋ መስኮት ወርዷል። ገና ሳንጠጋ ሸተተን።

«አባባ፣ ሲጋራውን እዚያው ይርገጡትና ወደ መቃብሩ በኩል ይሂዱልኝ» አለ ኤርሜስ፣ ድምፁን ሳያነሣ።

«ወደ መቃብሩማ እሄዳለሁ ልጄ፤ ምን አስቸኮለኝ?»

«ዛሬ እንዳይሆን ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ፊቱን አይተው ሲጋራቸውን ረገጡ።

ማራገቢያዋን የሚያቆመው ፊውዝ ያለው የፊት ኮፈኑ ሥር ነው። ኮፈኑ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ያለው ዶክተሩ ኪስ ውስጥ ነው፣ ዶክተሩ ደግሞ መሠዊያው ፊት ናቸው።

«ግቢና ቁልፉን አምጪ» አለኝ። «ሰውን በጎን በር አስወጪ። በዚህ በኩል ማንም እንዳይወጣ።»

«አንተስ?»

«ከግድግዳው ላርቃት።»

አደባባዩ ወደ ቼሪው እርሻ ያዘቀዝቃል። እጁን በመስኮቱ አስገብቶ የእጅ ፍሬኑን ፈታ፤ በሌላው እጁ መሪውን ያዘና በትከሻው ገፋት። እኔ ደረጃውን ወጣሁ። ትልቁን በር ስከፍት ኮስታንሳ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ ነጭ ቬሏ መሬት ነክቷል። ኦርጋኑ በዚያች ቅጽበት አቆመ።

ማራገቢያዋን ሰማኋት። ከኋላዬ፣ ከታች። ሳትንተባተብና ሳትፋጭ ተነሣች። ንጹሕ ድምፅ ነበር፣ በደንብ የተጠገነ ነገር ድምፅ።

ዞሬ ሳይ መኪናዋ ከደረጃው ሃያ እርምጃ ያህል ርቃ ነበር። ከውስጧ አንድ ጊዜ ቦግ አለ፣ ልክ መስኮት እንደሚበራ፤ ቀጥሎ የኋላዋ ተያያዘ። ኤርሜስ እጆቹ በመስኮቱ ውስጥ ነበሩ።

ሰውን በጎን በር አስወጣሁ። ሌላ የተጎዳ የለም። ኮስታንሳና ሙሽራው ከሰዓት በኋላ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ፤ አደባባዩ ገና ይጨስ ነበር።

ኤርሜስ ሁለት ወር ሞዴና ሆስፒታል ተኛ። እጆቹ ዳኑ፤ ማንኪያ ይይዛሉ፣ በር ይከፍታሉ። ሽቦ ግን አይለዩም። ጣቶቹ የሚነግሩት ነገር አልነበረም። አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ጥቅምት ላይ ዶክተር ማላቫሲ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። እሳት አጥፊዎች ቶሎ ስለደረሱ የመኪናዋ ፊት ጠቁሮ ተርፎ ነበር። የነዳጁን ጌጅ አስፈትተው አምጥተውታል። ናስትሮው ቀልጦ መስታወቱ ላይ ተኮማትሯል።

«ልጥለው ነበር» አሉ። «ከዚያ አንተ ልታየው ትፈልግ ይሆናል ብዬ...»

«ደግ አደረጉ ዶክተር። ይቀመጡ።»

መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ባትሪና ታንከሩን ተክታ የምትሠራ ትንሽ መፈተሻ ሣጥን ነበረችው፤ አዝራሯን ስታዞር ለጌጁ ባዶ፣ ግማሽ፣ ሙሉ ትላለች። ሽቦዎቹን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ እሱ እያመለከተኝ። ሌያርኮ ቆሞ ያያል፤ የሌሊት ወፏን ቀልድ አላነሣም።

«ናስትሮውን ልላጠው?» አልኩት።

«ላጪው።»

በቢላ ፋቅሁት። ኤርሜስ መነጽሩን አስተካከለ። አዝራሩን ባዶ ላይ ሳደርገው መርፌዋ ባዶ ላይ ተኛች። ግማሽ ስለው ግማሽ ላይ ቆመች። ሙሉ ስለው ያለምንም መንቀጥቀጥ ሙሉው ምልክት ላይ ደረሰች። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።

«ልክ ናት» አለ።

ጌጁን በጋዜጣው መልሼ ጠቀለልኩት።

ኤርሜስ ከዚያ በኋላ ዐሥራ ስድስት ዓመት ኖረ። ወጣት ኤሌክትሪሺያኖች እየመጡ ያማክሩት ነበር፤ በጆሮው እየሰማ ይነግራቸዋል። ጌጅ እንዲሸፍኑ ግን ፈቅዶ አያውቅም። ስለ ባቱ ሽታ አንድም ቀን አላነሣብኝም። ረቡዕ ማታ የት እንደሆነ ብነግረው ኖሮ ብዬ እኔም አላነሣሁበትም፤ ባለፈው ሚያዝያ እስኪያርፍ ድረስ እንዲሁ ኖርን።

አሁን የማጥበው የሌያርኮን ልብስ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ቱታ ከመንከሬ በፊት አሸተዋለሁ፤ አንድ ነገር ከሸተተኝ ወርጄ እነግረዋለሁ፣ ምን እንደሆነና የት ቦታ ላይ እንደሆነ። ሌያርኮ በሁሉ ነገር ይቀልዳል። ይህን ስነግረው ግን ሥራውን አቁሞ ያዳምጠኛል።