መሬት የሚቀመጡት ፖሊስ

አጎቴ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ባለች ትንሽ ከተማ ፖሊስ ነበሩ። የአእምሮ ሕመም የተነሣበትን ሰው እንዴት እንደሚቀርቡት ሠልጥነዋል። ታናሽ ወንድሜ በታመመ ቁጥር የምንጠራው እርሳቸውን ነበር። መጥተው ኮፍያቸውን ያወልቃሉ፤ ዱላቸውን ከኋላቸው ያስቀምጡና ከእርሱ ራቅ ብለው መሬት ላይ ይቀመጣሉ።

«ጋሼ፣ ልብስዎ ቆሸሸ እኮ!» ይላቸዋል፣ በዚያ ቁጣው መካከል።

«የመንግሥት ነው፣ ይቆሽሽ! ይልቅ አንተም አረፍ በል» ይሉታል።

እርሱም ፊት ለፊታቸው ይቀመጣል። ታስሮ አያውቅም።

የአርባ ተዝካራቸው በወጣ በሳምንቱ ወንድሜ ገበያ መካከል ታመመ። ወደ ጣቢያው የደወልሁት እኔ ነኝ። ሁለት ወጣት ፖሊሶች ዱላቸውን እንደያዙ መጥተው ከፊቱ ቆሙ። ወንድሜ የደንብ ልብሳቸውን ሲያይ ጩኸቱን አቆመና መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እስኪቀመጡም ጠበቃቸው።

«ተነሥ!» አሉት። አልተነሣም። እምቢተኛ መስሏቸው እጆቹን የኋሊት አሰሩት። «ተቀመጡለት» የሚለው አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም።

ሲወስዱት ወደ እኔ ዞሮ፣ «እትዬ፣ ጋሼ ለእነዚህ አልነገሯቸውም?» አለኝ።