ውሃው የዞረ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ለንደን ውስጥ ክላፋም የሚባል ሰፈር አውቶቡስ ስጠብቅ ከምሥራቅ የመጣ ነፋስ ጃንጥላዬን ገለበጠው። ከንፈሬ ላይ ጨው የቀመስኩ መሰለኝ፤ ባለቤቴ ግርማ ትዝ አለኝ።

ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። እዚያው አቅራቢያ ስቶክዌል አንዲት ክፍል ተከራይተን የምንኖር አዲስ ተጋቢዎች ነበርን። ግርማ ከሚሠራበት ሆቴል ኩሽና ፒት የሚባል እንግሊዛዊ ወዳጅ አፈራ። ፒት የቴምዝ ወንዝ ከባሕር ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ትንሽ የሞተር ጀልባ ነበረችው። አንድ የሰመር ቅዳሜ ዓሣ እናጥምድ ብሎ ጋበዘን። እንቁላልና ቃሪያ በዳቦ አድርጌ በባቡር ሄድን።

እኔ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ከዚያ በፊት አንዴ አስወርዶኝ ስለነበር ይኼኛው ሳይጠና ለማንም፣ ለግርማም እንኳን ለመናገር አልደፈርኩም። ቀርቼ ምክንያት ከመፍጠር መሄዱ ቀለለኝ።

ፒት ሞተሩን አጥፍቶ ጀልባዋን ለውሃው ለቀቃት። በቀን ሁለቴ የሚሞላና የሚጎድለው ባሕር ያን ሰዓት እየሞላ ነበር። ከምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስም ውሃውም ወደ የብስ ስለሚገፉ ባሕሩ ዝርግ ብሎ፣ መንጠቆአችን ከታች አሸዋውን እየጫረ ተንሳፈፍን። ግርማ ሁለት ዓሣ አወጣና እንደ ልጅ ጮኸ።

ከምሳ በኋላ ውሃው ዞረ። ወደ ባሕር መመለስ ሲጀምር ነፋሱ ፊት ለፊት ገጠመው፤ ያ ዝርግ ባሕር አጫጭር፣ ቀጥ ያሉ ማዕበሎች አወጣ። ፒት «ይብቃን» ብሎ ሞተሩን ሊያስነሳ ቢሞክር እምቢ አለው። ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጠች፤ ውሃ ገባ። የብሱ እየራቀን ነው። ግርማ ጠርዙን ይዞ ያስመልሰዋል።

«ግርማ፣ አርግዣለሁ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። «አሁን ነው የምትነግሪኝ?»

«ከሞትን ሳታውቅ እንዳትቀር ብዬ ነው።»

«ዝም በይ! ማንም አይሞትም። ወለሉ ላይ ቁጭ በይ!»

ፒት ባልዲ በረጅም ገመድ አስሮ ከፊት በኩል ባሕሩ ውስጥ ወረወረ። ባልዲው ሲጎትታት ጀልባዋ ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ማዕበሉ አዞረች፤ የሚገባው ውሃ ቀነሰ። ግርማ በምሳ ዕቃችን ውሃውን እየቀዳ ያፈስ ጀመር። «አይዞሽ» ይለኛል፤ እጁ ግን ይንቀጠቀጣል። እኔ ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ እመቤቴን እጠራለሁ። በመጨረሻ አንዲት ትልቅ የዓሣ ጀልባ አይታን ጎትታ ወደብ አደረሰችን።

በባቡር ስንመለስ ግርማ ለንደን ልንገባ ስንል እጄን ያዘና «ስንት ወሩ ነው?» አለኝ።

«ሦስተኛውን ይዟል» አልኩት። ሰው እያየን አለቀሰ።

ሴት ልጅ ተወለደችልን። ዛሬ ትልቅ ሰው ናት፤ ግርማ ግን አርፏል። የዚያን ዕለት መሬት ስረግጥ ፍርሃቱ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ልጄ ስልክ ሳታነሳ ስትቀር ዛሬም ልቤ ይጠፋል። የምፈራላት ስላለችኝ ተመስገን እላለሁ። የጎደለኝ፣ ራሱ እየተንቀጠቀጠ አይዞሽ የሚለኝ ሰው ነው።