እህቱ በር ላይ የቀረችበት ሠርግ

ይህ የሆነው ባለፈው የገና ጾም፣ በልጄ ሠርግ ዕለት ነው። ልጁን የዳረ ሰው ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን ያን ቀን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። ትልቋ ልጄ ጽጌ ቅዳሴ የማታስታጉል፣ ጾም የማትገድፍ ኦርቶዶክስ ናት። ታናሿ ዳንኤል ዩኒቨርሲቲ ሳለ ጴንጤ ሆነ። የማስቀድሰው ከጽጌ ጋር ነው፤ ግን ሁለቱንም ያማጥኩት እኔ ነኝ፣ የትኛውን ልጣል?

ዳንኤል ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር አዳራሽ ተከራይቶ በጾሙ መሀል ደገሰ። እነሱ ጾሙን ስለማይጾሙት ቀኑ አያስጨንቃቸውም። ጽጌ ስትሰማ «በጾም ሠርግ! እማዬ፣ እኔን እንዳትጠብቂኝ» አለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩባት። በመጨረሻ ነጠላዋን ለብሳ ከለሚ ኩራ አብራኝ መጣች።

በሩ ጋ ስንደርስ መዝሙር እየተዘመረ ነበር። ጽጌ ቀጥ አለች። «አንቺ ግቢ፤ እኔ እዚህ እሆናለሁ» ብላ ከጥበቃው አጠገብ ቆመች።

ገብቼ ለዳንኤል በጆሮው ነገርኩት። ሙሽራዋን ትቶ ወጣ።

«ጽጌዬ፣ ላንቺ ብዬ የጾም አሠርቻለሁ። ድስቱም ጭልፋውም አዲስ ነው፤ ሥጋ አልነካውም። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ለምሳ ብቻ ግቢ።»

ጽጌ ማልቀስ ጀመረች። እኔም ይህን ማድረጉን አላውቅም ነበርና አንጀቴን በላው።

«በሉ፣ እዚሁ አብረን አባታችን ሆይ እንበል» አልኩ። ለሁለቱም ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። ግራና ቀኝ እጃቸውን ያዝኩ። ጥበቃው እንኳ ኮፍያውን አወለቀ። እስከ አሜን ድረስ ድምፃችን አንድ ነበር።

ጽጌ ግን እንደ ልማዷ «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ብላ ወደ እመቤታችን ጸሎት አለፈች። ዳንኤል ዝም አለና እጄን ለቀቀ።

«አየሽው እማዬ?» አለች ፊቷ ተለዋውጦ።

«እኔ ምን አልኩ?» አለ እሱ።

ከውስጥ «ሙሽራው የት ሄደ?» ሲባል ገባ። እሷም ታክሲ አስቁማ ሄደች።

ለጽጌ በተዘጋጀው ገበታ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ባልበላ ልጄ ሊከፋው ነው፤ በአዲሱ ጭልፋ አወጣሁና ጎረስኩ። አሜን እንዳልን ምነው ቶሎ ብዬ አንድ ወሬ ባመጣሁ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ተራ በተራ እየደወሉ አንዱ የሌላውን ደህንነት ከእኔ ይጠይቃል። ጽጌ «እንዲመለስ ጸልዪለት» ትለኛለች። ዳንኤል ደግሞ «ጌታን እንድትቀበል ጸልዪላት» ይላል። እሺ እላቸዋለሁ። ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ ስለ ሰላም ጸልዩ ሲል ግን እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ጌታ ሆይ፣ ልጆቼ ጎን ለጎን የሚቆሙት የእኔ ቀብር ላይ ብቻ አይሁን።